ጌም መሃል ድርግም የሚለው ኮምፒውተር፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ታናሽ ወንድሜ ደውሎ "ኮምፒውተሬ ሞተብኝ" አለኝ። አልሞተም ነበር። የኳስ ጌም ሲከፈት ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፣ አምስት ስድስት ደቂቃ እንደምንም ይጎተታል፣ ከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል። ትንሽ አቆይተው ሲያበሩት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል፤ ፊልም ያሳያል፣ የቤት ሥራ ያስጽፋል። ጌም ሲከፈት እንደገና ድርግም። ጥገና ቤት ቢወስደው ከፍተው እንኳ ሳያዩ "ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ" አሉት። ዓመት ሙሉ ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረችው። የደወለልኝም የትኛውን ካርድ ልግዛ ብሎ ሊያማክረኝ ነው።

"ገንዘብህን አስቀምጥ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኩት።

እንዲህ ያለ ኮምፒውተር እናንተም ቤት ሊኖር ይችላል፤ ያገለገለ የተገዛ፣ ዕድሜው አሥር ዓመት አካባቢ የሆነ፣ ጌም ሲከፈት እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጥፋተኛውን እንዴት እንደምትለዩ ላሳያችሁ። የሚያስፈልገው ቴርሞሜትር፣ ሰዓትና ትንሽ ሒሳብ ነው። ቴርሞሜትሩ ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።

ከምጣድ የባሰ

ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ የት ይሄዳል? የውሃ ፓምፕ ውሃ ይገፋል፣ ሊፍት ሰው ያነሳል። ፕሮሰሰር ግን ምንም ነገር አያነሳም። የገባበት ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይቀየራል። በዚህ በኩል ሲታይ ፕሮሰሰር ማለት ሒሳብ የሚሠራ ምድጃ ነው።

ምን ያህል ምድጃ? እስቲ ከእንጀራ ምጣድ ጋር እናወዳድረው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል እንበል፤ ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 2,800 ስኩዌር ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ብታካፍሉት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር 1.2 ዋት ይደርሳል። አሁን እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ የዋለውን ኢንቴል ኮር አይ7-4790 ውሰዱ። በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚያወጣው ሙቀት 84 ዋት ተብሎ ተመዝግቧል። ይኼ ከምጣዱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ሲሊከኑ ግን ስፋቱ 177 ስኩዌር ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር በሉት። ስታካፍሉት በስኩዌር ሴንቲሜትር 47 ዋት ይመጣል። ከምጣዱ 38 እጥፍ ገደማ ማለት ነው! ምጣዱ እንጀራ ለማብሰል እንዲግል ይፈለጋል፤ ጥፍር የምታክለዋ ሲሊከን ግን ከ100 ዲግሪ እንዳታልፍ ይፈለጋል።

ስለዚህ ሙቀቱ ሳያቋርጥ መውጣት አለበት። አወጣጡ እንደ ዱላ ቅብብል ነው። ሲሊከኑ ከላዩ ለተደፋበት ብረት ክዳን ያቀብላል፣ ክዳኑ በፔስት በኩል ለሂትሲንኩ ያቀብላል፤ ሂትሲንክ የሚባለው ያ ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት ብረት ነው። ፋኑ ሙቀቱን ከክንፎቹ ወደ ኬዙ አየር ይገፋል፣ የኬዙ ፋን ደግሞ ወደ ክፍሉ ያስወጣል። ግራፊክስ ካርዱም የራሱ ተመሳሳይ ሰልፍ አለው። ከተቀባባዮቹ አንዱ ከሰነፈ ከኋላው ያለው ሁሉ ሙቀት ይከማችበታል።

ከሁሉ በላይ በስህተት የሚገመተው ፔስቱ ነው፤ ሁለቱ ብረቶች መሃል የሚቀባው ነጭ ወይም ግራጫ ቅባት። ብዙ ሰው "ሙቀት በጣም ስለሚያስተላልፍ ነው የሚቀባው" ይላል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። የመዳብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም 400 አካባቢ ነው (ዋት በሜትር በኬልቪን)፣ የተለመደ ፔስት ከ1 እስከ 10 ይሆናል፣ አየር 0.026። ፔስቱ ከመዳብ ጋር ሲተያይ ደካማ ነው፤ ከአየር ጋር ሲተያይ ግን ጀግና ነው። ሁለት ብረቶች ለዓይን ልስልስ ቢመስሉም ሲጋጠሙ በጥቃቅን ጉድጓዶቻቸው ውስጥ አየር ይቀራል። የፔስቱ ሥራ ያንን አየር ማስወጣት ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ቅቤ አይለቀለቅም፤ ትንሽ አተር የምታክል ጠብታ ትበቃለች። ዓመታት ሲያልፉ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ አየሩም ይመለሳል።

ድርግም ማለቱ በሽታ ነው ወይስ መድኃኒት?

ፕሮሰሰር ውስጥ የሙቀት መለኪያዎች አሉ። የዚያ ትውልድ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ያቀዘቅዛሉ፤ ፍጥነታቸውንና ቮልቴጃቸውን ይቀንሳሉ። ኃይል ከቮልቴጅ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢወርድ ኃይሉ በ19 በመቶ ይወርዳል። ለእናንተ ይኼ የሚታየው ጌሙ ሲቆራረጥ ነው። ያም ካልበቃና ሙቀቱ ከዚያ በላይ ከወጣ ኤሌክትሪኩ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ ድርግም። ሲሊከኑ እንዳይበላሽ የተሠራ ጥበቃ ነው። ከበረደ በኋላ ደህና የሚነሳውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የወንድሜን ኮምፒውተር ታሪክ እንደገና አንብቡት፦ መጀመሪያ መቆራረጥ፣ ከዚያ ድርግም፣ ከበረደ በኋላ መነሳት። ሙቀትን እንድጠረጥር ያደረገኝ ይኼ ቅደም ተከተል ነው። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ዊንዶውስ በመዝገቡ ላይ "ከርነል-ፓወር 41" ብሎ መጻፉም ማስረጃ አይሆንም፤ እሱ የሚለው "በሥርዓት አልተዘጋሁም" ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት፣ የፋኖቹንም ፍጥነት በየሁለት ሴኮንዱ ፋይል ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የመጨረሻው መስመር ይቀራል። ያቺ መስመር ምስክራችሁ ናት። ቅዳሜ ለት ጌሙን ከፈትን፣ እንደተለመደው ተቆራረጠ፣ ጠፋ። መልሰን አብርተን ፋይሉን ስናይ ግራፊክስ ካርዱ 64 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ 100። "ተቃጥሏል" የተባለው ካርድ ምንም አልሆነም!

አሁን የቀረው ከተቀባባዮቹ የትኛው ዱላውን እንደጣለ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ሰዓቱ ይረዳል። ሂትሲንኩ 300 ግራም አሉሚኒየም ነው እንበል። አንድ ግራም አሉሚኒየምን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 0.9 ጁል ያስፈልጋል፤ ለ300 ግራም 270 ጁል። 84 ዋት ማለት በሴኮንድ 84 ጁል ነው። ፋኑ ጨርሶ ባይዞር እንኳ ብረቱ በአንድ ዲግሪ ለመጨመር ከሦስት ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፣ በ50 ዲግሪ ለመጨመር ወደ 160 ሴኮንድ። ጤነኛ ፕሮሰሰርም ሥራ ሲጀምር በቅጽበት አሥራ ምናምን፣ ሃያ ዲግሪ ይዘላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የብረቱን ፍጥነት ተከትሎ በዝግታ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መስመሩ ቀስ እያለ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ ከወጣ ብረቱ ሙቀቱን ተቀብሏል፣ አየሩ ነው ያልወሰደለት፤ አቧራ፣ የቆመ ፋን፣ ወይም የታፈነ ኬዝ ፈልጉ። የኬዙን የጎን ክዳን ከፍታችሁ ስትሞክሩ ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ አየር ነው። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከ40 ወደ 97 ከተተኮሰ ግን ሙቀቱ ብረቱ ጋር አልደረሰም ማለት ነው።

የወንድሜ በአራት ሴኮንድ ነበር የወጣው። ኮምፒውተሩ እንደጠፋ ሂትሲንኩን በጣቴ ነካሁት፤ ለብ ብሏል። ፕሮሰሰሩ እየነደደ ብረቱ ለብ!

ስለ ክፍሉም አንድ ነገር ልበል። የፕሮሰሰር ሙቀት ማለት የክፍሉ ሙቀት ላይ የተጨመረ ቁጥር ነው። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም ወደ 10 ዲግሪ ይጨምራል። አዲስ አበባ 75 ላይ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ድሬዳዋ 85 ቢሆን አትደንግጡ። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠለል አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ፋኑ እዚያም እዚህም ያው ቢዞር እዚህ የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ የሚሸከመውም ሙቀት እንደዚሁ። ውጭ አገር የተለካ የፋን ውጤት እኛ ጋ በትክክል የማይሠራው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ሁሌ ይገርመኛል፤ ሯጮቻችንን የሚጠቅመው ከፍታ ፋኖቻችንን ይጎዳል።

መክፈት

ገመዱን ነቅለን፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሴኮንድ ተጭነን፣ የኬዙን ብረት ነክተን (ሰውነታችን ላይ ያለ ስታቲክ ቺፕ ሊጎዳ ይችላል) ከፈትነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ነገር አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። መጀመሪያ አቧራውን አወጣን። በንፋስ ስትነፉት የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ እንዲሽከረከር ከተተወ ሊጎዳ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ፈጽሞ እንዳትፈቱት፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እንደገና ለካን። ሦስት ዲግሪ ብቻ ወረደ፣ ድርግም ማለቱ አልቀረም። ወንድሜ ፊቱ ወደቀ። እኔ ግን ይህን ጠብቄ ነበር፤ አራቱ ሴኮንድ አስቀድሞ ነግሮናል።

ከዚያ ሂትሲንኩን አነሳን። ይህ ዓይነቱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚያዘው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው። አንደኛው ከቀዳዳው ወጥቶ ነበር፤ ብረቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ነበር የሚነካው። ፔስቱም እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አሮጌውን በአልኮል ጠረግን። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አትጠቀሙ፤ የሚያወዛ ነገር ስላለው ይቀራል። አዲስ ጠብታ አደረግን፣ አራቱንም እግሮች ቀጭ እስኪሉ በሰያፍ ተጫንን። ጌም ተከፈተ። 72 ዲግሪ። ግማሽ ሰዓት ቆየ፣ ያው 72።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድሜ "ተመለሰበት" አለኝ። ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ ነበር፤ ጌም ሳይከፍት፣ ጽሑፍ እያነበበ። "የመጨረሻዋን መስመር አንብብልኝ" አልኩት። 45 ዲግሪ። ሙቀት ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወጣ። ሜምቴስት86 በተባለ ፕሮግራም ራሙን ሌሊቱን ሲያስፈትሸው አደረ፤ ጠዋት ቀይ መስመሮች ነበሩ። ሁለቱን ራሞች አንድ በአንድ ሲፈትሻቸው አንደኛዋ የትም ቦታ ብትሰካ ትሳሳታለች። ነቀላት። ምናልባት ለወራት ስትሳሳት ኖራ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ግን ማንም ልብ አላላትም።

እናንተ ጋ ደግሞ ሙቀቱ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ራሙም ጤነኛ ሆኖ፣ ግራፊክስ ካርዱ በሙሉ ኃይሉ መሥራት ሲጀምር ድርግም ካለ ያረጀ ፓወር ሰፕላይን ጠርጥሩ። በዚያው ቅጽበት የቤቱ አምፖልም የሚፈዝ ከሆነ ጥፋቱ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ስታብላይዘር ሞክሩ።

ወንድሜ ጌሙን በሴኮንድ 60 ምስል ላይ ገድቦታል፤ ስክሪኑ ከዚያ በላይ ስለማያሳይ ግራፊክስ ካርዱ ለማይታይ ምስል መሞቁን አቆመ። በግማሽ ራም ይጫወታል። የእግሮቹን ጫፍ በማርከር ቀለም ስለቀባናቸው ከቀዳዳቸው ፈቀቅ ካሉ ከሩቅ ይታያሉ። ለፔስቷ ያወጣው ከካርዱ ዋጋ ጋር አይወራም፤ ከተረፈው ላይ ያገለገለ ራም ሊገዛ ነው፣ ሻጩ ፊት ሜምቴስት ካልሠራሁ አልከፍልም ብሏል።