የጣሳ መኪናውን ምን እንቀባው?

በቀጨኔ ሸክላ የብዙ እናቶች እንጀራ ነው። ከምጣዱና ከጀበናው ጎን ትንንሽ የሰውና የእንስሳት ቅርጾችም ይሠራሉ። በዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ ከጭቃ ወታደር፣ ከሰርዲን ጣሳ፣ ከሽቦና ከቆርኪ ደግሞ የጦር መኪና ቢያበጅ አይገርምም። ተው አትበሉት፤ ጣቱና ዓይኑ የሚሠለጥኑበት ጨዋታ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ቀለሙ ነው። ለበርና ለመስኮት ተገዝቶ የተረፈ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። የምንጽፍበትን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለቴ ነው። ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ደማቸው የሚገባው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል፤ ምልክት ሳያሳይም አእምሮን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል መጠኑ አይታወቅም። በእንግሊዝ አገር የአሻንጉሊት ወታደሩ ራሱ ከእርሳስ ይሠራ ነበር፤ ስመ ጥሩው ብሪተንስ ፋብሪካ ይህን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

ስለዚህ፦

• በውሃ የሚቀጥን የተማሪ ቀለም ግዙላቸው። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ አይቀባ።
• የጣሳውን ስለታም ጠርዝ አዋቂ በፒንሳ ይጠፈው።
• የቆየ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ ብናኙ ይጎዳል።
• የብሩሹን ጫፍ በምላስ ማሾል ይቅር። ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።
• ቆርኪና ትንንሽ ቁርጥራጭ ሦስት ዓመት ካልሞላው ልጅ ይራቅ፤ ያንቃል።

ጦርነቱ የሰለቻቸው ዕለት ያው መኪና ነጭ ተቀብቶ ቀይ መስቀል ሲሳልበት አምቡላንስ ይሆናል።