ከጆሮው ጀርባ የቀረ ፀጉር

የሮማ ቄሣርን የእብነ በረድ ራስ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው የሟቹን ትክክለኛ መልክ ያገኘ ይመስለዋል። መጠርጠር ይሻላል። አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ14 ሲሞት 75 ዓመቱ ነበር፤ ምስሎቹ ግን እስከ መጨረሻው አላረጁም። ዛሬም ተመራማሪዎች እሱን የሚለዩት ከመልኩ ይልቅ ግንባሩ ላይ እንደ መንሽ በተከፈለው ፀጉሩ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው አንዱ ንጉሥ በሌላው ራስ ውስጥ መገኘቱ ነው። ሴኔቱ የአገር ጠላት ያለው ኔሮን በ68 ራሱን ሲያጠፋ ምስሎቹ ከአደባባይ ተነሡ። እብነ በረድ ግን ውድ ነው፤ ከሩቅ ተጓጉዞ በስንት ድካም የተጠረበ ድንጋይ አይጣልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ራሶች በኋላ ለነገሠው ለቬስፓስያኖስ ዋሉ።

የሙያው ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርበትም። ኔሮን ጉንጫም ነበር፤ ፀጉሩም በግንባሩ ላይ ተደርድሮ የሚተኛ። ቬስፓስያኖስ ደግሞ ራሰ በራ ሽማግሌ፤ ለቀራጭ ከዚህ የተመቸ ተተኪ ከየት ይመጣል? ፀጉሩን ላጨው፤ ጉንጩን ፈልፍሎ የፊት መጨማደድ አወጣበት። ጆሮን ግን ወደ ውስጥ መግፋት አይቻልም። ፊቱ ሲጠብ ጆሮዎቹ በድሮ ስፍራቸው ቀርተው ከልክ በላይ ይገዝፋሉ። ከጆሮው ኋላና ከማጅራቱ ላይም የኔሮን ፀጉር አንዳንዴ ሳይነካ ይተርፋል።

በ96 ምስሉ የመፋቅ ተራው የንጉሥ ድምጥያኖስ ሆነ፤ ዮሐንስን ወደ ፍጥሞ ያጋዘው እሱ ነው የሚባለው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሮም ውስጥ በካንቸለሪያ ሕንፃ ሥር በተገኘው የድንጋይ ቅርጽ ላይ ፊቱ ተፍቆ ተተኪው ኔርቫ ሆኗል። አዲሱ ራስ ለአካሉ ያንሳል። ኔርቫም ሁለት ዓመት እንኳ ሳይገዛ ሞተ።

ነገሩ ሁሉ ጥላቻና ቁጠባ ብቻ ነበር ማለት ግን አይመስለኝም። በ315 በተመረቀው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ላይ ከቀድሞው ንጉሥ ከሐድርያን ዘመን የመጡ ክብ ቅርጾች አሉ፤ የሐድርያን ፊት እዚያ ወደ ቆስጠንጢኖስ ተለውጧል። ሐድርያን እንደ ኔሮን የተወገዘ ንጉሥ አልነበረም። እዚህ የተፈለገው የቀድሞውን ስም መደምሰስ ሳይሆን ክብሩን መውረስ ነው።

የሮማ ራስ ያለበት ሙዚየም ከገባችሁ በጎኑ ዞራችሁ ተመልከቱ፤ ከሁሉ በፊት ጆሮውን።