የማተርሆርን አናት የአፍሪካ ድንጋይ ነው

በደቡባዊ ስዊዘርላንድ፣ የጣሊያን ድንበር አጠገብ፣ ዜርማት የምትባል የተራራ መንደር አለች። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ታንሳለች። ያም ሆኖ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ጣሪያዎቿ በረዶ ተሸክመው ይከርማሉ፤ ዙሪያዋን የከበቧት ተራሮች ደግሞ በሐምሌም ነጭ ናቸው። የእኛው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ ግግር በረዶ የለውም፤ የዜርማት መለያ የሆነው ማተርሆርን ግን 4,478 ሜትር ሆኖ ግርጌውን ግግር አቅፎታል። ልዩነቱ የከፍታ ሳይሆን ከምድር ወገብ የመራቅ ነው። ዜርማት 46 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ የፀሐይ ጨረር በሰያፍ ይደርሳታል፤ የወደቀው በረዶ ሳይቀልጥ በላዩ ሌላ ይጨመርበታል፤ ከዓመታት በኋላ በራሱ ክብደት ተጨፍልቆ ወደ ታች የሚንሸራተት ግግር ይሆናል።

አብዛኛው ጎብኚ ማተርሆርንን ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በመንደሯ ዙሪያ ያሉት የባቡርና የእግር መንገዶች በሙሉ አንድ ትልቅ ታሪክ የሚነበብባቸው ናቸው። ታሪኩ አፍሪካና አውሮፓ የተላተሙበት ነው።

ወደ መንደሯ በቤንዚን መኪና መግባት አይቻልም። ጎብኚው መኪናውን 5 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ቴሽ አቁሞ በባቡር ይገባል፤ በመንደሯ ውስጥ የሚመላለሱት ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ከዚያ ወደ ጎርነርግራት የሚወጣው ባቡር ይጠብቀዋል። በ1898 (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር በስዊዘርላንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመጀመሪያው ባለ ጥርስ ሐዲድ ነው። የብረት ጎማ በለስላሳ ሐዲድ ላይ እንዲህ ያለ ዳገት ሊወጣ አይችልም፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ በሁለቱ ሐዲዶች መሐል ጥርስ ያለው ሦስተኛ ብረት ተዘርግቷል፤ ከባቡሩ ሆድ ሥር ያለው ጥርሳም ጎማ እሱን እየነከሰ ይወጣል። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና የቁልቁለቱን ጉልበት ኤሌክትሪክ አድርጎ ወደ መስመሩ ይመልሳል። ሲወጡ በቀኝ በኩል መቀመጥ ይሻላል፤ ማተርሆርን የሚታየው በዚያ ነው።

የመጨረሻው ጣቢያ 3,089 ሜትር ላይ ነው። ከፊት ለፊት የጎርነር ግግር ተዘርግቷል፤ ከበላዩ የስዊዘርላንድ ከፍተኛው ጫፍ ዱፉርሽፒትሰ በ4,634 ሜትር ቆሟል። የድንጋዮቹን ታሪክ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚህ ቦታ ተራራ አልነበረም። በአውሮፓና ከአፍሪካ ወደ ሰሜን በተዘረጋው የምድር ቅርፊት መካከል ውቅያኖስ ነበር። ጂኦሎጂስቶች ያንን ቅርፊት አድሪያ ይሉታል። አፍሪካ ወደ ሰሜን እየገፋች ስትመጣ ውቅያኖሱ ጠበበ፤ ወለሉም ከአድሪያ ሥር ሰጠመ። ከወለሉ የተወሰነው ክፍል ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምድር ውስጥ ወርዶ እንደገና ተመልሷል። ማስረጃው ኮይሳይት የሚባል ማዕድን ነው፤ በተፈጥሮ በምድር ውስጥ የሚሠራው በዚያ ጥልቀት ባለው ግፊት ብቻ ሲሆን፣ ድንበሩን ተሻግሮ በጣሊያን በኩል በቺኛና ሐይቅ አጠገብ ተገኝቷል። ውቅያኖሱ ከተዘጋ በኋላ የአድሪያ ድንጋይ በውቅያኖሱ ወለል ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። የማተርሆርን ጉልህ ፒራሚድ ከዚያ የተረፈ ቁራጭ ነው። ግርጌው የባሕር ወለል ነው፤ አናቱ ከአፍሪካ ወገን የመጣ። ግግሮች ከየአቅጣጫው ጎኑን እየፈለፈሉ ያንን ሹል ቅርጽ ሰጡት።

ይህን በእጅ መንካት የሚፈልግ ሰው ከመንደሯ በእግር ወደ ጎርነር ገደል ይሂድ። ውኃው ዓለቱን ሰንጥቆ ጠባብ መተላለፊያ ሠርቷል፤ ከገደሉ ግድግዳ ጋር በተያያዘ የእንጨት ድልድይ ላይ ይኬዳል። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ውኃ ሲነካው የሚያብረቀርቅ። እጅን ሲያስደግፉበት ሳሙና የተቀባ ይመስላል። ሰርፔንቲናይት ይባላል። ከውቅያኖስ ወለል በታች የነበረ የምድር ውስጥ ዓለት የባሕር ውኃ ገብቶበት ማዕድኑ ሲለወጥ የተፈጠረ ነው። ከባሕር ይህን ያህል ርቆ፣ ይህን ያህል ከፍ ብሎ የጥንት ባሕር ሥራ መዳሰስ ለእኔ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል።

ጥርት ባለ ቀን ከማተርሆርን ጫፍ በአንድ በኩል ብቻ የተንጠለጠለ ደመና ይታያል። ነፋስ ጫፉን ሲመታ ከጀርባ አየሩ ይሽከረከራል፤ ከታች ያለው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይሳባል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመና ይሆናል። ደመናው እዚያው ይሠራል እንጂ ነፋሱ ከሌላ ቦታ አያመጣውም።

በመንደሯ ዙሪያ ካሉት የእግር መንገዶች የአምስቱ ሐይቆች ጉዞ ቀለል ያለ ስለሆነ ልጆች ላሏቸው ይመቻል። በዚያ አካባቢ እድለኛ የሆነ ሰው የአልፕስ የዱር ፍየል ያያል። ዋሊያን ለምንወድ ሰዎች ይህ ከመዝናናት ያለፈ ነገር ነው፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአልፕሱ ፍየል በአደን ሊጠፋ ደርሶ፣ የተረፈው በጣሊያን በግራን ፓራዲዞ አካባቢ ብቻ ነበር። በ1856 ቦታው በጊዜው የነበረው ንጉሥ የግል አደን ክልል ሲሆን ሌላ አዳኝ ተከለከለ፤ ዛሬ በመላው አልፕስ የሚታዩት ሁሉ የዚያ ጥቂት መንጋ ዘሮች ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የቀረን እንስሳ መጠበቅ ምን እንደሚያስገኝ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ተራራ መውጣት የሚያምራቸው መጀመሪያ የመንደሯን ሙዚየም ይጎብኙ። እዚያ አንድ የተበጠሰ ገመድ አለ። ሐምሌ 14 ቀን 1865 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐርና ስድስት ጓዶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ማተርሆርን አናት ላይ ወጡ። ሲወርዱ አንዱ ተንሸራተተ፤ ሌሎቹን ጎተተ፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ አራቱ ሞቱ። ከያዟቸው ገመዶች ሁሉ ደካማው ያ እንደነበረ ዊምፐር ራሱ ጽፏል። የዛሬ ናይለን ገመድ ሲጎተት ይለጠጣል፤ የአወዳደቁን ጉልበት በመለጠጡ ይውጣል። የዚያን ዘመን የቃጫ ገመድ እምብዛም ስለማይለጠጥ ጉልበቱን በቅጽበት ነበር የሚቀበለው።

አሁን ያለው አደጋ ደግሞ ከገመድ አይመጣም። በማተርሆርን ከፍታ ላይ የዓለቱ ስንጥቆች ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጥ በረዶ ተሞልተው ነው የቆዩት፤ ፐርማፍሮስት ይባላል፤ ዓለቱን አጣብቆ የያዘው እሱ ነው። በሐምሌ 2003፣ አውሮፓ በሙቀት በተቃጠለችበት ጊዜ፣ ተራራ ወጪዎች በብዛት በሚሄዱበት የሆርንሊ ሸንተረር ዓለት ተናደ፤ በተናደበት ቦታ ውስጡ የነበረው በረዶ ገጥጦ ታየ። ላይ የነበሩት ሰዎች በሄሊኮፕተር ወረዱ። በረዶው ለመዳከም የግድ መቅለጥ የለበትም፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ራሱ መያዣነቱ ይላላል። ከ2008 ጀምሮ ተመራማሪዎች እዚያ መለኪያ ተክለው ስንጥቆቹ ሲሰፉና ሲጠቡ ይከታተላሉ።

ግግሮቹም እየጠፉ ነው። የስዊዘርላንድ ግግሮች በ2022 እና በ2023 ብቻ ከጠቅላላ ይዘታቸው 10 በመቶ አጥተዋል፤ ከ1960 እስከ 1990 ባሉት ሠላሳ ዓመታት የጠፋውን ያህል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ስኪ በሚኬድበት በቴዎዱል ግግር ላይ በሐምሌ 2022 መጨረሻ ስኪው ለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል። ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ከዜርማት ግግሮች የሚቀልጠው ውኃ በዋሻ ተስቦ 285 ሜትር ቁመት ካለው የግራንድ ዲክሳንስ ግድብ ጀርባ ይጠራቀማል፤ መብራት ያመነጫል።

በአውሮፓ የምትኖሩ ወይም ለሥራ የምታልፉ አንባቢዎች አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ወደ ላይ ባቡሩን ተጠቀሙ፤ ወደ ታች ግን በእግራችሁ ውረዱ። ጎርነርግራት ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ከዝቅተኛ አገር የመጣ ሰው ራስ ምታት ሊይዘው ስለሚችል አትሩጡ፤ ከባሰባችሁ ወዲያውኑ ውረዱ። ጥቁር መነጽር አትርሱ፤ አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶውን ወደ ዓይን ይመልሳል። የጎርነር ገደልንም ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ጉዞውን ለሐምሌ ወይም ለመስከረም አድርጉት፤ በበረዶው ወራት ዝግ ነው።