የጡት ወተት ማለቢያ

የጡት ወተት ማለቢያ ወይም በተለምዶ የጡት ፓምፕ፣ የምታጠባ እናት ወተቷን ከጡቷ አውጥታ በዕቃ ለማጠራቀም የምትጠቀምበት መሣሪያ ነው። በእጅ የሚሠራ፣ በባትሪ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እንዲሁም ምንም ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ከሲልከን የተሠራ ዓይነት አለው። የዋጋቸው ልዩነት ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ ብቻ ለምታልብ እናት፣ ለምሳሌ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከቤት ለምትወጣ ወይም ያጋተ ጡቷን ለማቅለል ለምትፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ዓይነት ወይም የገዛ እጇ ይበቃታል። ከዋጋው ይልቅ ወሳኝ የሚሆኑት የመሣሪያው ልክ፣ ንጽሕናው እና የታለበው ወተት አቀማመጥ ናቸው።

አሠራር

ሕፃን ጡት ሲጠባ በጡት ጫፍ ላይ ያሉ ነርቮች ለእናቲቱ አንጎል መልእክት ይልካሉ። አንጎልም ሁለት ሆርሞኖችን ይለቃል። ፕሮላክቲን ወተት እንዲመረት ያደርጋል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ በጡት ውስጥ ወተት የያዙትን ትንንሽ ከረጢቶች የከበቡ ጡንቻዎችን አኮማትሮ ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ ይገፋል። ሕመም፣ ጭንቀትና ብርድ የኦክሲቶሲንን ሥራ ያዘገያሉ። የሕፃኑን ድምፅ መስማት፣ ማቀፍ ወይም ስለ እርሱ ማሰብ ግን ያፋጥነዋል።

ፓምፑ አየር ስቦ በጡት ጫፍ ዙሪያ ዝቅተኛ ግፊት ይፈጥራል፤ ቀጥሎም ይለቃል። ይህ መሳብና መልቀቅ የሕፃኑን አጠባብ ለመምሰል ይሞክራል። ወተቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ግን በዋናነት የእናቲቱ ሰውነት ራሱ ነው። ስለዚህ የመሳብ ኃይሉ ሲበረታ ወተቱ በዚያው ልክ አይጨምርም። ከልክ ያለፈ ኃይል የጡት ጫፍን ያቆስላል፤ ሕመሙም ወተቱ እንዳይወርድ ያደርጋል። ትክክለኛው መጠን እናቲቱ ሳያማት የምትችለው ነው።

ታሪክ

በአሜሪካ ለጡት ፓምፕ የመጀመሪያው የፈጠራ መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1854 ኦ. ኤች. ኒድሃም ለተባለ ሰው ነው። በ1920ዎቹ ኤድዋርድ ላስከር የተባለው መሐንዲስና ታዋቂ የቼዝ ተጫዋች በሞተር የሚሠራ ፓምፕ ሠርቶ የፈጠራ መብት አገኘ። የዘመናዊ ፓምፖች መሠረት የተጣለው ግን ስዊድናዊው መሐንዲስ አይናር ኤግኔል ለጡት የማይጎዳውን የመሳብ ኃይልና ምት አጥንቶ ውጤቱን በ1956 ካሳተመ በኋላ ነው። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በብዛት የሚገኘው በሆስፒታሎች ነበር። ሜዴላ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ በ1991 ለቤት አገልግሎት የሚሆን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። ከ2017 ወዲህ ደግሞ በጡት መያዣ ውስጥ የሚገቡ ገመድ አልባ ፓምፖች ታይተዋል።

ዓይነቶች

በእጅ ማለብ፦ ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም። እናቲቱ እጇን በሳሙና ታጥባ አፉ ሰፊ የሆነ ንጹሕ ኩባያ ታዘጋጃለች። አውራ ጣቷን ከጡት ጫፍ በላይ፣ ሌባ ጣቷን ከጡት ጫፍ በታች በጠቆረው ክብ ጠርዝ አካባቢ ታስቀምጣለች። ከዚያ ጡቱን በትንሹ ወደ ደረቷ ገፋ አድርጋ በሁለቱ ጣቶቿ መሐል ትጫናለች፣ ትለቃለች፣ እንደገና ትጫናለች። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይመጣ ይችላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠብታ፣ ቀጥሎም ፍሰት ይመጣል። ጣቶቹ ከቆዳው ጋር መፋተግ የለባቸውም፤ የጡት ጫፉን ራሱን መጭመቅም አያስፈልግም። ጣቶቹን በዙሪያው እያዞሩ አንዱን ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካለቡ በኋላ ወደ ሌላው ማለፍ፣ ከዚያም ሁለቱንም መድገም ይቻላል። ጠቅላላው ሥራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።

የሲልከን ማጠራቀሚያ፦ አንድ ወጥ ለስላሳ ዕቃ ሲሆን ጨምቀው ጡት ላይ ሲለጥፉት በራሱ ይይዛል። ሕፃኑ አንዱን ጡት ሲጠባ ከሌላው የሚፈሰውን ወተት ያጠራቅማል። ርካሽና ለማጠብ ቀላል ነው። ነገር ግን እየሳበ እየለቀቀ ስለማይሠራ ወተቷ በቀላሉ ለማይፈስ እናት ብዙ አይጠቅምም።

የእጅ ፓምፕ፦ እጀታውን በመጫንና በመልቀቅ ይሠራል። ፍጥነቱንም ኃይሉንም የምትወስነው እናቲቱ ራሷ ናት። ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ መብራት አይፈልግም፤ የሚበላሹት ክፍሎችም ጥቂት ናቸው። ጉድለቱ እጅ ማድከሙና በአንድ ጊዜ አንድ ጡት ብቻ ማለቡ ነው። ከዚሁ ወገን የሆነውና ጫፉ ላይ የላስቲክ ኳስ ያለው ጥንታዊ ዓይነት ግን አይመከርም። ወተት ወደ ኳሱ ስለሚገባና ውስጡን ማጽዳት ስለሚያስቸግር ጀርም ያፈራል፤ ኃይሉን መቆጣጠርም ያስቸግራል።

የኤሌክትሪክ ፓምፕ፦ ነጠላ ወይም ድርብ ሊሆን ይችላል። ድርቡ ሁለቱንም ጡት በአንድ ጊዜ ስለሚያልብ ጊዜ ይቆጥባል። ብዙዎቹ መጀመሪያ በፈጣንና ቀላል ምት ወተቱ እንዲወርድ ያነቃቃሉ፤ ቀጥሎ በዝግታና ጠለቅ ባለ ምት ያልባሉ።

የሆስፒታል ፓምፕ፦ ለብዙ ተጠቃሚዎች ተብሎ የተሠራ ሲሆን ወተት ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚከለክል መከላከያ አለው። እያንዳንዷ እናት የራሷን ጡት የሚነኩ ክፍሎችና ቱቦ ትጠቀማለች።

በአሜሪካ ገበያ የእጅ ፓምፕ በግምት ከ15 እስከ 50 ዶላር ሲሸጥ፣ ገመድ አልባዎቹ ግን ብዙ መቶ ዶላር ሊያወጡ ይችላሉ።

ርካሹ የሚበቃው መቼ ነው?

የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2016 የተለያዩ የማለቢያ ዘዴዎችን ያነጻጸሩ ጥናቶችን መርምሯል። ቶሎ ማለብ መጀመር፣ ጡትን ማሞቅና ማሸት፣ የሚያረጋጋ ነገር ማዳመጥ፣ በእጅ ማለብና ርካሽ ፓምፕ መጠቀም በአንዳንድ መለኪያዎች ከትልልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፖች እኩል ወይም የተሻለ ውጤት ሊሰጡ እንደሚችሉ ገልጿል። ስለዚህ ምርጫው በሚከተለው መንገድ ሊታይ ይችላል።

ያጋተ ጡትን ለማቅለል ወይም በድንገት ለሚያጋጥም ጉዳይ በእጅ ማለብ ይበቃል። ይህን ዘዴ መልመድ ፓምፕ ላላትም እናት ይጠቅማል፤ መሣሪያ ሊሰበር ወይም ሊረሳ ይችላልና።

በሳምንት ጥቂት ጊዜ ለተወሰኑ ሰዓታት ከሕፃኗ ለምትለይ እናት የእጅ ፓምፕ ተመጣጣኝ ምርጫ ነው።

በየሥራ ቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ለምታልብ እናት ድርብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ድካምና ጊዜ ስለሚያድን ወጪው ዋጋ አለው።

ሕፃኑ ያለጊዜው ከተወለደ፣ ከታመመ ወይም ጡት መያዝ ካልቻለ ግን ጉዳዩ አልፎ አልፎ የማለብ ጉዳይ አይደለም። የወተቱ ምርት እንዳይቀንስ በቀንና በሌሊት ብዙ ጊዜ ማለብ ስለሚያስፈልግ፣ የሚቻል ከሆነ የሆስፒታል ፓምፕ መጠቀምና የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ሲገዙ የሚታዩ ነገሮች

የአፉ ልክ፦ ጡት ላይ የሚገጠመው ሰፊ አፍ ወደ ውስጥ እየጠበበ አንገት ይሆናል። የጡት ጫፍ የሚገባው በዚህ አንገት ውስጥ ነው። ብዙ ፓምፖች 24 ሚ.ሜ. ስፋት ካለው አንገት ጋር ይሸጣሉ፤ ይህ ግን ለሁሉም እናት አይሆንም። አንገቱ ከጠበበ የጡት ጫፉ ጠርዙን እየፋቀ ይቆስላል፤ ከሰፋ ደግሞ በዙሪያው ያለው የጠቆረ ቆዳ ተስቦ ይገባል። በትክክለኛው ልክ የጡት ጫፉ መሐል ላይ ሆኖ በነፃነት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሌላ ልክ ያለው አፍ ለብቻው የሚገኝለት ፓምፕ ይመረጣል።

መለዋወጫ፦ ፓምፕ ስቦ አልመጣ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የተለጠጠች ወይም የተሰነጠቀች ትንሽ ቫልቭ ነው። ቫልቩና የላስቲክ ሽፋኑ በአካባቢው ገበያ የማይገኝ ከሆነ ርካሽ የተገዛው ዕቃ ውድ ይሆናል።

ለማጠብ ቀላል መሆኑ፦ ሁሉም ወተት የሚነካው ክፍል ተለያይቶ የሚታጠብና በፈላ ውኃ የማይበላሽ መሆን አለበት።

ዝግ ወይም ክፍት መሆኑ፦ በዝግ ፓምፕ ውስጥ ወተቱንና ሞተሩን የሚለይ መከላከያ አለ። በክፍቱ ግን ወተት ወይም እርጥበት ወደ ቱቦውና ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል፤ ሞተሩን ደግሞ ከፍቶ ማጠብ አይቻልም።

ያገለገለ ፓምፕ፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የተሠራ ፓምፕ በሌላ ሰው እንዳይወሰድ ያሳስባል። ምክንያቱም ከመሣሪያው ውስጥ ሊቀር የሚችለው ወተት ጀርም ሊያስተላልፍ ስለሚችል ነው። ከእህት ወይም ከጓደኛ የተገኘ ያገለገለ ፓምፕ ገንዘብ የሚያድን ቢመስልም አዲስ የእጅ ፓምፕ ከእርሱ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ ኃይል፦ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የተላከ ፓምፕ ከመሰካቱ በፊት የቻርጀሩ ጀርባ መነበብ አለበት። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የመሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከሌለ ይቃጠላል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ በባትሪም የሚሠራ ወይም የእጅ ፓምፕ ተመራጭ ነው።

ንጽሕና

በ2016 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ክሮኖባክተር በተባለ ባክቴሪያ በጽኑ ታሞ ነበር። ምርመራው ባክቴሪያውን በታለበው ወተትና በፓምፑ ክፍሎች ላይ አግኝቶታል። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከዚያ በኋላ ዝርዝር የአጸዳድ መመሪያ አወጣ።

በመመሪያው መሠረት ወተት የነኩ ክፍሎች ሁሉ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ ይለያያሉ፣ በሚፈስ ውኃ ይለቀለቃሉ፣ ከዚያም ለዚሁ ብቻ በተመደበ ሳፋ ውስጥ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባሉ። በዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ማጠብ አይገባም፤ ከሌሎች ዕቃዎች ጀርም ይይዛልና። ከታጠቡ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በአየር ይደርቃሉ፤ በፎጣ አይወለወሉም። ሕፃኑ ከሁለት ወር በታች ከሆነ፣ ያለጊዜው የተወለደ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ደቂቃ በፈላ ውኃ መቀቀል አለባቸው። ሻጋታ የታየበት ቱቦ ይጣላል።

የታለበ ወተት አቀማመጥ

አዲስ የታለበ ወተት ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በበረዶ ቤት ውስጥ ቢበዛ እስከ 12 ወር ሊቀመጥ ይችላል፤ በበረዶ ቤት የቆየው በ6 ወር ውስጥ ቢጠጣ ግን ይመረጣል። እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ማቀዝቀዣ ከሌለ በዚህ ሰዓት ላይ መተማመን አይቻልም፤ ወተቱ ወዲያው መጠጣት አለበት።

ቀዝቃዛ ወተት ዕቃውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በማቆም ይሞቃል። እሳት ላይ ወይም በማይክሮዌቭ አይሞቅም፤ ሙቀቱ እኩል ስለማይዳረስ የሕፃኑን አፍ ሊያቃጥል ይችላል። ቆይቶ ስቡ ወደ ላይ ቢንሳፈፍ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ በቀስታ ሲወዘወዝ ይዋሐዳል። በረዶው የቀለጠ ወተት ተመልሶ በረዶ ቤት አይገባም። ሕፃኑ ጠጥቶ የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ጡጦን በአግባቡ ማጽዳት በማይቻልበት ቦታ ወተቱን በንጹሕ ትንሽ ኩባያ ማጠጣት ይመረጣል፤ ኩባያ ለማጠብ ቀላል ነውና።

በኢትዮጵያና በውጭ አገር

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራል። በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት ሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ታገኛለች። ስለዚህ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ገና ሦስት ወር ገደማው ነው። የቀሩትን ሦስት ወራት በጡት ወተት ለመሙላት ወተት ማለብ ዋነኛው መንገድ ነው። በየዕለቱ የምትሠራው እናት ድርብ ፓምፕ ለመግዛት አቅሟ ባይፈቅድም የእጅ ፓምፕና በእጅ ማለብ ማጥባቷን እንድትቀጥል ሊረዷት ይችላሉ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ፓምፕ ከመግዛታቸው በፊት የጤና መድናቸውን መጠየቅ ይገባቸዋል። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አብዛኞቹ የጤና መድኖች የፓምፕ ወጪ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀ ሌላ ሕግ ደግሞ ለአብዛኞቹ ሠራተኛ እናቶች ከወለዱ በኋላ ለአንድ ዓመት የማለቢያ እረፍትና ከመጸዳጃ ቤት የተለየ፣ ከሰው ዓይን የተሰወረ ቦታ እንዲሰጣቸው ያዛል።

ሐኪም ማማከር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ጡት ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ የጡት ጫፍ ቆስሎ ካልዳነ፣ ወይም ሕፃኑ ክብደት ካልጨመረ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በፓምፕ የወጣው ወተት ትንሽ መሆኑ ብቻውን ወተት ማነስን አያሳይም፤ በደንብ የሚጠባ ሕፃን ብዙ ጊዜ ከፓምፕ የበለጠ ወተት ያወጣል። የሚበቃው መሆኑ የሚታወቀው በክብደቱ መጨመርና በቂ ሽንት በመሽናቱ ነው።