የቤት እድሳት፦ የትኛውን በእጃችን እንሥራ? የትኛውን ለባለሙያ እንተው?



ከእናንተ መካከል ብዙዎች ሐሳባችሁ በሁለት ቤት የተከፈለ ነው። አንዱ እዚህ በሳባህ አል-ሳሌም፣ በአል-ቁሪን፣ በአል-ዐዳን ወይም በአል-ቁሱር የምትሠሩበት ቤት ነው። ሌላው በላካችሁት ገንዘብ በአገር ቤት የሚሠራው ወይም የሚታደሰው ቤት ነው። በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። እዚህ መዳም፦ «ቀለሙ ያው፣ መሰላሉ ያው፣ ቀቢ ለምን እንጠራለን?» ትላለች። እዚያ ደግሞ ወንድም ይደውልና፦ «ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚከፈለውን እናትርፍ፣ እኔው እዘረጋዋለሁ» ይላል። መልስ ከመስጠታችን በፊት የትኛው ሥራ ለጀማሪ እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን ማወቅ ይጠቅማል።

ብዙ ሰው የሥራን ክብደት የሚመዝነው በሚጠይቀው ጉልበትና ችሎታ ነው። ነገር ግን ሥራው ቢበላሽ ምን ይከተላል የሚለውንም መመዘን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። አንደኛ፣ ብሳሳት ማረም እችላለሁን? ሁለተኛ፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታየኛል ወይስ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል? ሦስተኛ፣ ከፍታ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ ወይም ኃይለኛ ኬሚካል አለበትን? ስሕተቱ የሚታረምና የሚታይ ከሆነ፣ አደጋም ከሌለው፣ ሥራው ቢያደክም እንኳ ለጀማሪ ይሆናል። አንዱ እንኳ ከጎደለ ግን ቀላል ቢመስልም ለባለሙያ ይተው።

1. ለጀማሪ የሚሆኑና ደስ የሚያሰኙ ሥራዎች

የውስጥ ግድግዳን ቀለም መቀባት። ውጤቱ በዓይን ስለሚታይ ከቤት ሥራዎች ሁሉ ደስ የሚያሰኘው ይህ ነው። የተሳሳተውም ሲደርቅ በላዩ ተቀብቶ ይስተካከላል። ጀማሪዎችን የሚያሳፍራቸው አብዛኛውን ጊዜ የአቀባቡ ጉዳይ ሳይሆን የዝግጅቱ ማነስ ነው። አቧራና ቅባት ያለበት ግድግዳ ቀለም አይዝም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይላጣል። ስለዚህ ግድግዳው ይታጠባል፣ የተላጠው ይፋቃል፣ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፣ ሲደርቅም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ከዚያ ጥጋጥጉ በብሩሽ፣ መሐሉ በሮለር ይቀባል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት ይሻላል። ለጀማሪ በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ይመረጣል። በአኳራጅ የሚቀጥነው የዘይት ቀለም ሽታው ኃይለኛ ነው፤ መስኮት ዘግታችሁ አትቀቡት። በአሮጌ ቤት ደግሞ የድሮው ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል፣ በደረቁ ከመፈግፈግ በውሃ አርጥቦ መፋቅ፣ ሕፃናትንም ማራቅ ይገባል።

ምርጊት። በአገራችን የጭቃ ቤት መምረግ ሰፈር ተጠራርቶ በደቦ የሚሠራው ሥራ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ቢሰነጣጠቅ አያስደንግጥ፤ ሁለተኛው ይሸፍነዋል። ዋናው ነገር ጊዜውን መምረጥ ነው፤ ክረምት ወጥቶ ፀሐይ ሲወጣ መጀመር ይገባል።

የምታንጠባጥብ ቧንቧ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ማለቋ ነው። መጀመሪያ ውሃው ከመዝጊያው ይዘጋል። ከዚያ ትንንሽ ዕቃ እንዳይገባበት የመታጠቢያው ቀዳዳ በጨርቅ ይደፈናል። የወጣችውን ጎሚኒ ይዞ ሄዶ ልኳን መግዛት ነው። ሲመለስ ከመጠን በላይ አለማጥበቅ ነው። መዝጊያው አልዘጋ ካለ ግን በዚያው ይቁም።

የኤሲ ማጣሪያ ማጠብ። ኩዌት አቧራዋ ብዙ ነው፤ ማጣሪያው ሲደፈን ኤሲው እየሠራ ቤቱ አይቀዘቅዝም። ኤሲውን አጥፍቶ፣ ማጣሪያውን አውጥቶ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ በጥላ በደንብ አድርቆ መመለስ ነው። ከማጣሪያው አልፎ ወደ ውስጥ ያለው ግን የባለሙያ ነው።

2. ቀላል መስለው የሚያስቸግሩ ሥራዎች

ልስን፣ ሊሾና ሴራሚክ ማንጠፍ ባለሙያ ሲሠራቸው ስናይ ቀላል ይመስላሉ። ችግሩ ሲሚንቶ ጊዜ አይሰጥም። ውሃ ከነካው በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል፤ የተበላሸው የሚታረመው በመዶሻ ተፈልፍሎ ነው። የመታጠቢያ ቤት ወለልም ውኃው ወደ ማፍሰሻው እንዲወርድ ተዳፋት ካልተሰጠው ውኃው ይቋጥርና ግድግዳውን ያረጥባል። ይህ የሚታወቀው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ነገር ግን በሲሚንቶ ሥራ ቤተሰብ የሚሠራው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ውሃ ማጠጣት። ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ነው። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ጥንካሬውንም ያጣል። ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀን በጆንያ ተሸፍኖ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ብዙ ቤት ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ይህ ይረሳል። ይህን ሥራ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ፤ የሚያስወጣውም ውሃ ብቻ ነው። እናንተ ከዚህ ሆናችሁ «ኮንክሪቱ ዛሬ ውሃ ጠጣ?» ብላችሁ ብትደውሉ ለቤቱ ትልቅ ሥራ ሠራችሁ ማለት ነው።

3. ፈጽሞ ለባለሙያ የሚተዉ ሥራዎች

ኤሌክትሪክ። ስሕተቱ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ ለወራት ይቆይና ሰው በተኛበት ይነሣል። ለምሳሌ የእንጀራ ምጣድን እንመልከት። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በአገራችን 220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ ቢሰካ ገመዱ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ኮንታክት ይፈጠራል። ምጣዱ የራሱ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና የምድር ሽቦ ያስፈልገዋል። እዚሁ አጠገባችን በመንገፍ እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2024 ሠራተኞች የሚኖሩበት ሕንፃ ተቃጥሎ 50 ያህል ሰዎች ሞተዋል። የእሳት አደጋ መርማሪዎች መነሻው በምድር ቤት በጠባቂው ክፍል የተፈጠረ የኤሌክትሪክ ኮንታክት መሆኑን አስታውቀዋል። እንግዲህ ወንድም ለባለሙያ የሚከፈለውን እናትርፍ ሲል መልሱ ከዚህ ይገኛል።

ከፍታ። የፎቅ መስኮትን በውጭ በኩል ማጽዳት፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ማስተካከል፣ የኤሲውን የውጭ ክፍል መንካት የቤት ሠራተኛ ሥራ አይደለም። መስኮት በውስጥ በኩል እግር ወለል ላይ ቆሞ፣ ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ ይጸዳል። በቤት ውስጥ መሰላል ከተያዘም ደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም፣ ሌላ ሰው ይያዘው፣ የመጨረሻው እርከን ላይ አይወጣ።

ጋዝና የውሃ ማሞቂያ። የጋዝ ሽታ ካለ መብራት ሳይነኩ መስኮት ከፍቶ መውጣት፣ ከውጭ ሆኖ በ112 መደወል ነው።

ኬሚካል። ክሎሮክስ ወይም በረኪና ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። የወለሉ እድፍ አልለቅ ቢል አንዱን በሌላው ላይ አትጨምሩ። ዓይንና ጉሮሮ ካቃጠላችሁ ሥራውን ትታችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ።

«አልችልም» ለማለት

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 አሠሪ ጤናን የሚጎዳ ወይም ክብርን የሚነካ አደገኛ ሥራ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ሆኖም ሕግ ጠቅሶ መከራከር በቤት ውስጥ ሁልጊዜ እንደማይመች እናውቃለን። ስለዚህ ምክንያቱን በትሕትና መናገር፣ ከዚያም የምትችሉትን ማቅረብ ይሻላል። «ሀዳ ኸጠር» ማለት «ይህ አደገኛ ነው»፣ «አኻፍ አጢሕ» ማለት «እንዳልወድቅ እፈራለሁ» ማለት ነው። ወዲያው «ከውስጥ በኩል ላጽዳው» ወይም «ለሐሪሱ ልንገረው» በሉ። የሕንፃው ሐሪስ ብዙውን ጊዜ ጠጋኝ ያውቃል። ለመዳምም የሚገባት ነገር አለ፤ ያለ ሙያ የተነካ ኤሌክትሪክ ወይም የተሰበረ ቧንቧ ለባለሙያ ከሚከፈለው በላይ ያስወጣታል።

በአገር ቤት ላለው ቤትም ቤተሰብ በስልክ ስለ እድሳት ሲያማክራችሁ ሥራውን በሁለት ከፍሉት። መፋቅ፣ መቀባት፣ መምረግ፣ አሸዋ ማበጠር፣ ውሃ ማጠጣት ለቤተሰብ ይሁን። ኤሌክትሪክ፣ የጣሪያ ሥራ፣ የውሃ መስመርና ልስን ለባለሙያ ይሁን። በመጀመሪያው ያተረፋችሁትን ገንዘብ ለሁለተኛው ብትከፍሉ፣ ተመልሳችሁ «ቤት ለእንቦሳ» የምትባሉበት ቤት የማያንጠባጥብና ሳትሰጉ የምትተኙበት ይሆናል።

ሰላም ቆዩን።