ሳንቲም ነጋዴ ፈቃድ ማውጣት አለበት?

እ.ኤ.አ. በ1889 የተመቱ ሁለት የአሜሪካ የብር ዶላሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ላልለመደ ዓይን መንትያ ናቸው። እያንዳንዳቸው 26.7 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ 90 በመቶውም ብር ነው። ልዩነታቸው በአንደኛው ላይ ከንስሩ ምስል ሥር ያለችው «ሲሲ» የምትል ጥቃቅን ምልክት ናት። ይህቺ ምልክት ሳንቲሙ በኔቫዳ ካርሰን ሲቲ መመታቱን ታሳያለች። በዚያ ዓመት ከካርሰን ሲቲ የወጣው 350 ሺሕ ብቻ ሲሆን፣ በፊላደልፊያ የተመታው ግን ከ21 ሚሊዮን ይበልጣል። በዚህም የተነሳ አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ ያወጣል።

ይህንን ነጋዴው ያውቃል። ከአባቱ አንድ ሣጥን ሳንቲም ወርሶ ወደ ሱቅ የሄደው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። የብርና የወርቅ ዋጋ በየዕለቱ በዓለም ገበያ ይነገራል፤ የሰብሳቢዎች ዋጋ ግን በነጋዴው ዓይንና ቃል ላይ ያረፈ ነው። «መንግሥት ነጋዴውን ፈቃድ ያስወጣው» የሚለው ክርክር የሚነሳው ከዚህ ክፍተት ነው።

በአሜሪካ ለሳንቲም ንግድ ተብሎ በፌዴራል ደረጃ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ያሉት የተበታተኑ ሕጎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ሕግ አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም «ቅጂ» የሚል ጽሑፍ እንዲታተምበት ያስገድዳል። ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ነጋዴም ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። ዋጋውን አዛብቶ የተናገረ በተራው የማጭበርበር ሕግ ይጠየቃል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሚኒሶታ ግዛት ግን ከዚህ አልፋ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ሕጓ ነጋዴዎች በግዛቲቱ ንግድ መምሪያ እንዲመዘገቡ፣ ሻጮቻቸው የወንጀል ታሪካቸው እንዲጣራ፣ እንደ ሽያጫቸው መጠንም ከ25 ሺሕ እስከ 200 ሺሕ ዶላር ዋስትና እንዲያስይዙ አዘዘ። ከክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ ብር ወይም ወርቅ ያለበትን ሳንቲም ሁሉ ስላካተተ የእኛው ጠገራ ብር እንኳ ከትርጓሜው አያመልጥም ነበር።

ደጋፊዎች እንደሚሉት በስልክ አግባብተው የሽማግሌዎችን የጡረታ ገንዘብ የሚወስዱ ሻጮችን ለማስቆም ሌላ መንገድ አልነበረም። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው አጭበርባሪ ፈቃድ ከማውጣት ወደኋላ እንደማይል፣ ወጪው የሚከብደው በሐቀኛው ትንሽ ነጋዴ ላይ እንደሆነ ይናገራሉ። በእርግጥም ከግዛቲቱ ውጪ ያሉ አንዳንድ ነጋዴዎች ለሚኒሶታ ነዋሪዎች መሸጥ አቆሙ። ተፎካካሪ ሲቀንስ ደግሞ የሚጎዳው ያው ደንበኛ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ 8ኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ከግዛቲቱ ውጪ የሚካሄድን ግብይት መቆጣጠሩ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ።

የመንግሥት ዓይን ሁልጊዜ አጥርቶ እንደማያይ የኦሃዮ ግዛት ታሪክ ያስተምራል። የግዛቲቱ የሠራተኞች ጉዳት ካሣ ቢሮ ከ1998 ጀምሮ 50 ሚሊዮን ዶላር በቶም ኖ አማካይነት ብርቅዬ ሳንቲሞች ላይ አዋለ። ኖ ታዋቂ የሳንቲም ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመስረቅ ጥፋተኛ ሆኖ 18 ዓመት ተፈረደበት። ኦዲተርና የሕግ ባለሙያ ያለው መንግሥት ሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቀ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፈቃድ ወረቀት ለተራው ሻጭ ምን ያህል ይጠቅመዋል?

ከሚኒሶታ ሕግ ሚዛን የሚደፋው ዋስትናው ይመስላል። ምዝገባ ስምና አድራሻን ያሳያል እንጂ ትክክለኛ ዋጋን አይናገርም። የተያዘ ገንዘብ ግን ነጋዴው ቢጠፋ እንኳ ለተጎዳው ደንበኛ ካሣ ይሆናል። ከዚህ በመለስ ያለው ጥበቃ የሻጩ የራሱ ነው፦ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ፣ የዕለቱን የብር ዋጋ መጠየቅ፣ ቢያንስ ሁለት ሱቅ ማስገመት፣ ደረሰኝ መቀበል።

ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ በዚያው ቀን ሲመታ ኖሯል። የተጻፈውን ብቻ አምኖ የገዛ ሰው ዕድሜውን ይስታል፤ ፈቃዱን ብቻ አይቶ የሸጠም እንዲሁ ዋጋውን።