በሩጫ ብቻ መርከበኛ አይኮንም

የኳስ ተጫዋች ኮንዲሽኑ ሲወርድ አሠልጣኙ ይቀይረዋል፡፡ ባህር ላይ ግን ተቀያሪ ወንበር የለም፡፡ መርከቧ መስጠም ስትጀምር እያንዳንዱ መርከበኛ የሚተማመነው በገዛ ክንዱና በገዛ ትንፋሹ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1978 የፀደቀውና በ2010 ማኒላ ላይ የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት (ኤስቲሲደብሊው) ፈተናውን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፡፡ ሠልጣኙ ከከፍታ ወደ ውሃ መዝለል፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ መዋኘት፣ ያለ ጃኬትም መንሳፈፍ፣ በአየር የሚነፋው የነፍስ አድን ጀልባ ከተገለበጠ አቃንቶ ከውሃው ውስጥ መሳፈር አለበት፡፡

ታዲያ የስፖርት ክፍለ ጊዜው ሩጫ፣ ፑሽ አፕና ኳስ ብቻ ከሆነ ተማሪው ለየትኛው ግጥሚያ ነው የሚዘጋጀው? ጥሩ ሯጭ ጥሩ ዋናተኛ ላይሆን ይችላል፡፡ ኳሱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ትንፋሽም የቡድን መንፈስም ይሰጣል፡፡ ግን በረኛና አጥቂ አንድ ዓይነት ልምምድ እንደማይሠሩ ሁሉ መርከበኛም የራሱ ልምምድ ያስፈልገዋል፡፡ ገመድ መውጣትና ተንጠልጥሎ መቆየት ለመዳፍ ጥንካሬ፣ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ለእግር፣ በአንድ እግር መቆም ለሚዛን፡፡

ነገሩ እኛንም ይመለከተናል፡፡ አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባህር በር ባይኖራትም፣ በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለዓለም መርከቦች አብቅቷል፡፡ የእነዚህ ልጆች ሜዳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ የሚችለው የሞተር ክፍል ነው፡፡ ወንዝና ሐይቅ በሌለበት ደጋ ያደገ ደግሞ ዋናን ከዜሮ ነው የሚጀምረው፡፡

ጣና ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ግን ቀዝቃዛ ባህር ሌላ ነው፡፡ በጣም የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹ ከቁጥጥር ይወጣል፡፡ እጆቹ እንደልብ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፡፡ ስለዚህ ከፍጥነት በፊት መረጋጋትን፣ መንሳፈፍንና ትንፋሽ መግዛትን መማር ይቀድማል፡፡

ሌላም አለ፡፡ መርከብ ላይ ወራት ይቆጠራሉ፤ አሠልጣኝም ፊሽካም የለም፡፡ ሕጉ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10፣ በሳምንት 77 የዕረፍት ሰዓት ይሰጣል፡፡ ከዚያ ላይ ቀንሶ በጠባብ ቦታ ገመድ መዝለልን የለመደ ብቻ ኮንዲሽኑን ይጠብቃል፡፡ መምህሩም ማርክ ሲሰጥ የ100 ሜትር ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ‹‹ይህ ልጅ ጓደኛውን ከውሃ ጎትቶ ማውጣት ይችላል ወይ?›› ብሎ ቢጠይቅ ያዋጣል፡፡